የቡችላነት ዘመን አጭር ነው

ሰው ከእንስሳት ሁሉ አስቀድሞ ያላመደው ውሻን እንደ ሆነ የጥንቱን ዘመን የሚመረምሩ ሊቃውንት ይናገራሉ። በሬ ቀንበር ሳይሸከም፣ ፈረስም ልጓም ሳይጎርስ፣ ቢያንስ ከ15 ሺህ ዓመት በፊት ውሻ በሰው እሳት ዳር ይተኛ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሮን የኖረ እንስሳ ጠባዩ ከቶ የሚሰወረን አይመስልም። ነገር ግን አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ቡችላ ታቅፎ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ስለዚያ እንስሳ የሚያውቀው ነገር እጅግ ጥቂት መሆኑን የሚገነዘበው ከወራት በኋላ ነው። እኛም የተገነዘብነው እንደዚሁ፣ ከብዙ ስሕተት በኋላ ነው።

መኖሪያችን በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ወደ አየር ጤና የሚወስደውን መንገድ የሚያውቁ አንባቢዎቻችን የሰፈሩን አኗኗር አይስቱትም። በብዙው የግቢ በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ሌሊት ጅብ ከወንዙ ሸለቆ ብቅ ብሎ ሲጮኽ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እየተቀባበለ ይመልስለታል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ውሻ ማሳደግ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳ የሆነው ውሻን ማስተማር ነው።

የዛሬውን ጽሑፍ የምናቀርበው በባለሙያነት አይደለም። ውሻ አሳድገን የማናውቅ ሰዎች በፍጥነት የሚያድግ ቡችላ ወስደን ያየነውንና የደረሰብንን ገልጠን ብንናገር፣ ነገ ቡችላ ለመውሰድ የሚያስብ አንባቢ ይጠቀምበታል በማለት ነው።

በዘንቢል የገባው እንግዳ

ከመስቀል በዓል ማግሥት ከአየር ጤና ወዲያ የሚኖር አንድ ወዳጃችን፣ ከጀርመን እረኛ ውሻ ዘር የሆነች ውሻው መውለዷን ነገረን። «ሁለት ወር ሞልቷቸዋል፤ አንዱን ውሰዱ» አለን። ሌባ የበዛበት ወቅት ነበርና ብዙ ሳናስብ ተቀበልነው። ቡችላውን በዘንቢል አድርገን፣ በአሮጌ ነጠላ ሸፍነን አመጣነው። በመንገዳችን ላይ ያለው ባለሱቅ እየሳቀ በሚዛኑ ቢያስቀምጠው 7 ኪሎ መዘነ። ጆሮዎቹ ገና አልቆሙም፤ እግሮቹ ግን ከአካሉ ጋር የማይመጣጠኑ ትላልቅ ነበሩ። የነገር ሁሉ ምልክት በእነዚያ እግሮች ላይ ተጽፎ ነበር፤ አንባቢ ግን አልነበረም።

ስሙን መከታ አልነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ከእናቱና ከወንድሞቹ ተለይቶ ሲያለቅስ አደረ። ከቤተ ሰባችን እኩሌቶቹ «ወደ ውስጥ ይግባ» ሲሉ፣ እኩሌቶቹ «ውሻ ከቤት አይገባም» አሉ። በነጋታው ደግሞ ጎረቤት ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ከዛሬ ጀምራችሁ በሰንሰለት እሰሩት አለን። ሁለተኛው ኃይለኛ እንዲሆን ቀን በጨለማ ክፍል ዝጉበት አለን። ሦስተኛው ጆሮውን አስቆርጡት አለን። የምክሩ ሁሉ መነሻ አንድ ነበር፤ ይኸውም ውሻ የሚጠቅመው ሲናደድ ነው የሚል አሳብ ነው። ጆሮውን እንኳ አላስቆረጥነውም፤ ሰንሰለቱን ግን ገዛን።

በዚህ ላይ አስቀድመን ልናውቀው ይገባን የነበረውን ነገር እንናገር። የዚህ ዘር ወንድ ውሻ አድጎ ሲጨርስ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ክብደት ግማሹን የሚያገኘው በአምስተኛው ወር ገደማ ነው። የሰው ልጅ የአዋቂነት ክብደቱን ግማሽ የሚያገኘው ዐሥር ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል። እኛ ልጆቻችንን ለማስተማር ዐሥር ዓመት አለን፤ ለቡችላ ግን የተሰጠን ጥቂት ወር ብቻ ነው። መከታ በጥቅምት መጨረሻ 12 ኪሎ፣ በኅዳር መጨረሻ 17 ኪሎ ሆነ። የአንገት ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ለወጥን። በየሳምንቱ ስናየው እንደ ቡችላ እናየው ነበር፤ ጎረቤቶቻችን ግን በአጥር ቀዳዳ የሚያዩት ትልቅ ውሻ ነበር።

ምግቡና ጾሙ

ስለ ምግቡ የነበረን ዕውቀት «ከማዕድ የተረፈውን መስጠት» የሚል ብቻ ነበር። እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ይህ ያስኬደን ይመስል ነበር። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ሲገባ ግን ከማዕዳችን ሥጋና ወተት ጠፋ። ቡችላውም ሳይጠየቅ አብሮን ጾመ። ሽሮ የተነካ እንጀራ ሲቀርብለት ይበላል፤ ሆዱ ይነፋል፤ የጎድኑ አጥንት ግን ይቆጠር ጀመር። አጥንቱና ሥጋው በሚገነባበት በዋናው ወራት ማለት ነው።

ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደነው ስንጠይቅ የተነገረን ነገር ብዙ ስሕተታችንን ገለጠልን። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም የሚጎዱ ናቸው፤ ከእንጀራ ጋር የምንሰጠው ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። እስከ አራት ወር ዕድሜው ምግቡ በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየሆነ ቢሰጠው መልካም ነው። ውኃ ከፊቱ ሊለየው አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ትልቅ ዘር የሆነውን ቡችላ ቶሎ ይደግ ብሎ ከልክ በላይ መቀለብ አጥንቱንና የዳሌውን መጋጠሚያ ያጣምማል። አጥንቱ ይጠንክር በማለት በራስ ፈቃድ የካልሲየም መድኃኒት መጨመርም እንዲሁ ጉዳት አለው። የጎድን አጥንቱ በዓይን ሳይታይ በእጅ ሲዳሰስ የሚገኝ ከሆነ፣ ቡችላው በልኩ ተመግቧል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለጾሙ ወራት መላ አገኘን። በኮልፌ የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በጾሙም ጊዜ አይዘጉም። ከአንዱ ቤት ቅንጥብጣቢ ሥጋ እየገዛን፣ ከሩዝ ጋር ያለ ጨውና ያለ በርበሬ እየቀቀልን ሰጠነው፤ አልፎ አልፎም የተቀቀለ እንቍላል ጨመርንበት። መቀቀሉ ለጣዕም አይደለም። የታረደ ከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ፊኛ የሚመስል ነገር ይገኛል። ውሻ ይህን ጥሬውን ሲበላ ትሉ ከሆዱ ያድጋል፤ እንቍላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ፊኛ ያበቅላል። የታረደውን በግ ሆድ ዕቃ በደጅ ለውሻ የምንወረውር ሁሉ በዓል በመጣ ቍጥር ይህን ብናስታውስ መልካም ነው።

ማን ማንን አስተማረ?

ኮልፌ በሥልጠና የታወቀ ሰፈር ነው። ኔልሰን ማንዴላ እንኳ በ1954 ዓ.ም. የውትድርና ትምህርት ለመማር የመጡት ወደዚሁ ሰፈር ነበር። በእኛ ግቢ ግን በእነዚያ ወራት የሠለጠነው ማን እንደ ነበር ለመናገር ያስቸግራል።

መከታ እጃችንን እየነከሰ መጫወት ይወድ ነበር። የወተት ጥርሱ እንደ መርፌ ቢዋጋም ቤተ ሰቡ ሁሉ ይስቅ ነበር። ልጆቻችን ከፊቱ ይሮጣሉ፤ እርሱ ያባርራል፤ ሲደርስባቸው የሱሪያቸውን ጫፍ ይይዛል። ከሥራ ስንመለስ በሁለት እግሩ ቆሞ ደረታችን ላይ ሲወጣ ራሱን እንደባብሳለን። ሰባት ኪሎ ሲሆን ይህ ሁሉ ደስ ያሰኝ ነበር። ሃያ ኪሎ ሲሆን ያንኑ ቢሠራ በቁጣ እንመታው ጀመር። እስቲ ፍረዱ! ትናንት ያስመሰገነው ሥራ ዛሬ ለምን እንደሚያስመታው ውሻው ከወዴት ይወቀው?

አንድ እሑድ ማለዳ አንዲት እናት ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ሲመለሱ ሊጠይቁን ወደ ግቢያችን ገቡ። መከታ በደስታ ዘሎ ሁለት የጭቃ መዳፍ በነጠላው ላይ አተመ። እትዬ ምንም አላሉም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ቀስ ብለው ወጡ። ከአጠገባችን የሚኖሩት ሐጂም ወደ መስጊድ ሲሄዱ የውሻ ምራቅ ልብሳቸውን እንዳይነካው በማለት በእኛ በር በኩል ማለፍ ትተው ዙሪያውን ይሄዱ እንደ ነበር የሰማነው በኋላ ነው። ውሻ ከሰው ላይ መውጣቱ በሌላ አገር እንደ ቀላል ነውር ይታይ ይሆናል፤ በእኛ ሰፈር ግን ጉርብትናን ይነካል።

እኛ ያገኘነው መፍትሔ ሰንሰለት ነበር። ቀን ይታሰራል፤ ማታ ይፈታል። ከሰው ጋር መዋሉ ቀረ። ትእዛዝ ለማስተማር ብንሞክርም አንዳችን «ቁጭ በል» ስንለው፣ ሌላው «ተቀመጥ» ይለዋል፤ ልጆቹ ከፊልም የሰሙትን «ሲት» ይሉታል። «ና» ብለን ጠርተን ሲመጣ እናስረዋለን፤ ስለዚህ «ና» ማለት መታሰር ማለት እንደ ሆነ ተማረ። ከዚያ በኋላ ስንጠራው አለመምጣቱ አያስደንቅም።

ኢቫን ፓቭሎቭ የተባሉት የሩሲያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1904 ኖቤል ሽልማት ያገኙት ስለ ምግብ መፈጨት ባደረጉት ምርምር ነው። በዚህም ሥራቸው ውሻ ከምግብ አስቀድሞ የሚመጣውን ምልክት ለይቶ እንደሚያውቅና ምግቡን ሳያይ ምራቁ እንደሚፈስ አሳይተዋል። ውሻ ቃላችንን ሳይሆን ከቃላችን በኋላ የሚመጣውን ነገር ያስተውላል ማለት ነው። እንዲሁም ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሜይን በሚባለው ክፍለ ግዛት ብዙ ዓመት ቡችላዎችን ሲመረምሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1965 ውጤቱን በመጽሐፍ አውጥተዋል። ከዚያ የምርምር ሥራ የተገኘው ዋና ትምህርት ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ዓለምን የሚለምድበት ልዩ ጊዜ እንዳለው ነው። በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ባርኔጣ ያደረገ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ የሚሮጥ፣ የሚጮኽ ሰው በመልካም ሁኔታ ያየ ቡችላ ሲያድግ አይደነግጥም። ያላየ ግን እንግዳ ሁሉ ጠላት ይመስለዋል። እኛ ግን ከዚህ ጊዜ የተረፈውን አንድ ወር በአጥር ውስጥ አሳለፍነው፤ ከዚያም በሰንሰለት አሰርነው።

የቡናው ጥሪ

ከሁሉ የባሰው ስሕተታችን ግን የእብድ ውሻ በሽታን ክትባት ማዘግየታችን ነው። ሐኪሙ ሦስት ወር ሲሞላው አምጡት ብሎን ነበር። ጥቅምት መጨረሻ ላይ «ደመወዝ ይግባ» አልን። ኅዳር ሲሆን «ጾሙ ይለፍ»፣ ገና ሲሆን «ጥምቀት ይለፍ» አልን። ግቢውን አይለቅ፤ ከወዴት ይይዘዋል? የሚል የስንፍና ማመካኛም ነበረን። የሰፈሩ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ግን በአጥራችን ሥር በቆፈሩት ቀዳዳ አፍንጫቸውን እያስገቡ ከእርሱ ጋር ይላላሱ ነበር። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይላሉ አባቶች፤ በእኛ አጥር የሚገባው ግን ከጅብ የከፋ ሊሆን ይችል ነበር።

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የጎረቤታችን የስምንት ዓመት ልጅ «ቡና ደርሷል፤ ኑ ተብላችኋል» ሊለን እየሮጠ በሩን ከፍቶ ገባ። መከታ በዚያ ጊዜ 25 ኪሎ ሆኖ ነበር። የሰንሰለቱ መያዣ ላልቶ ኖሮ በአንድ ዝላይ ተለቀቀ። ልጁ ደንግጦ ሲሮጥ ተከተለው፤ ደርሶም ባቱን ያዘው። ቆዳው ተቀደደ፤ ደም ወረደ። ውሻው ወዲያው ለቀቀውና ጭራውን እየቆላ ቆመ። ከልጆቻችን ጋር ሲጫወት ያስተማርነውን ነው የሠራው። አዲስ የነበረው ጥርሱ ብቻ ነው፤ የወተቱ ጥርስ ወድቆ የአዋቂው ጥርስ በቅሎ ነበርና።

እናትየዋ ጩኸቱን ሰምተው ደረሱ። አልተሳደቡም። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እናንተ፣ ውሻችሁ ተከትቧል ወይ?» አሉን።

አዎን ለማለት አልቻልንም። በዕድሜያችን ብዙ ጥያቄ ተጠይቀናል፤ እንደዚያ ያለ ግን አልገጠመንም።

የልጁን ቁስል በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጠብነው። ይህ ሥራ ቀላል ቢመስልም ከሁሉ የሚቀድም መድኃኒት ነው፤ በምራቁ የገባውን ነገር ብዙውን ያወጣዋልና። ቁስሉ ላይ ቡና፣ ዘይት ወይም ቅጠል ማድረግ ግን አይገባም። ከዚያም በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ውሻው ያልተከተበ መሆኑን ስንናገር የልጁ ክትባት በዚያው ቀን ተጀመረ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያም ተሰጠው። ውሻውን ደግሞ እንዳንገድለውና እንዳንሰደው፣ አስረን ዐሥር ቀን እንድንጠብቀው ታዘዝን። በምራቁ በሽታውን የሚያስተላልፍ ውሻ በዐሥር ቀን ውስጥ መታመሙ ወይም መሞቱ አይቀርም። ዐሥር ቀን በጤና ከቆየ ግን በነከሰበት ጊዜ በምራቁ በሽታው አልነበረም ማለት ነው።

የማይመለሰው በሽታ

ስለዚህ በሽታ ጥቂት መናገር ይገባል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ ሕይወትን የሚያድን ሕክምና የለውም ለማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት በዓለም ላይ በያመቱ 59 ሺህ ያህል ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ይላል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። በሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ተጠርጣሪ እንስሳ ከሚነክሳቸው ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ቁስሉ ሲድን የዳነ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው።

በአገራችንም በሽታው አዲስ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የውሻ እብደት ወረርሽኝ እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። ከዚያ 18 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885፣ ሉዊ ፓስተር በፓሪስ ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት አድነውት ነበር። ፓስተር የሚለው ስም ወደ አዲስ አበባም የመጣው በዚሁ ሙያ ነው። በ1940ዎቹ በጉለሌ የተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ዛሬ ስሙ ተለውጦ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባልም፣ ሕዝቡ ሰፈሩን «ፓስተር» ማለቱን አልተወም።

በውሻ የተነከሰ ሰው ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ መሄዱ በአገራችን የተለመደ ነው። የሰውን እምነት የሚነካ ቃል ከእኛ አይወጣም። ነገር ግን ይህ ሁሉ ከክትባቱ ጋር ይሁን እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። የጠፋ ቀን አይመለስምና።

ዐሥሩ ቀን

እነዚያን ዐሥር ቀኖች አንረሳቸውም። እናትየዋ በየማለዳው ወደ በራችን ይመጡ ነበር። በእኛ አገር ሰው ሲገናኝ እንዴት አደራችሁ መባባል ይቀድማል። እርሳቸው ግን ከሰላምታው በፊት «በላ? ውኃ ጠጣ?» ይሉ ነበር። በላ፣ ጠጣ ስንላቸው «ተመስገን» ብለው ይመለሳሉ። በአራተኛው ቀን መከታ ምግቡን ሳይነካ አደረ። ያን ቀን የቤታችን ሰው ሁሉ አልበላም። ከሰዓት በኋላ ከሰንሰለቱ አጠገብ የደበቀው አጥንት ተገኘ፤ ጠግቦ ኖሯል። ይህን ለእናትየዋ ስንነግራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ወዲያውም አለቀሱ።

በዐሥረኛው ቀን ውሻው ጤነኛ ነበር። የልጁንም ክትባት በጤና ባለሙያው ትእዛዝ መሠረት ጨረስን። በዐሥራ አንደኛው ቀን መከታ ተከተበ፤ የትል መድኃኒትም ዋጠ። በሦስት ወር ይደረግ የነበረው ሥራ የተፈጸመው የጎረቤት ልጅ ከደማ በኋላ ነው።

ለዕርቁ ሐጂ ሽማግሌ ሆኑ። የሕክምናውንና የመመላለሻውን ወጪ ሁሉ ለመክፈል ተስማማን። ይህም ቸርነት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደ ሆነ፣ እንስሳው በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን ከኃላፊነት እንደማይድን ይደነግጋል። ሐጂ ግን ሕጉን አልጠቀሱም። «የነከሰው ውሻው ነው፤ ያስነከሰው ግን ማን እንደ ሆነ እናንተም ታውቃላችሁ» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ

ጎረቤቶቻችን ውሻውን እንድናስወግደው ይጠይቁናል ብለን ነበር። አልጠየቁንም። የጠየቁን እንድናስተምረው ነው። እኛም ከመጀመሪያው ፊደል ጀመርን። በቤቱ ሁሉ አንድ ነገር አንድ ቃል ብቻ እንዲኖረው ተስማማን፤ «ቁጭ»፣ «ና»፣ «ቆይ»፣ «ተው»። ቃላቱን በወረቀት ጽፈን በማድ ቤቱ በር ላይ ለጠፍን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ በያንዳንዱ ጊዜ አምስት ደቂቃ ብቻ፣ ከምግቡ በፊት እናሠራዋለን። ሲታዘዝ ወዲያው እንደ ጥፍር ያለች ቁራሽ ሥጋ ይሰጠዋል፤ ካልታዘዘ አይሰጠውም፤ አይመታምም። ዱላ ውሻን የሚያስተምረው እጅን መፍራት ነው፤ እጅ የሚፈራ ውሻ ደግሞ የሚዘረጋለትን የሕፃን እጅ ሁሉ ይጠራጠራል።

ሰው ላይ ሲወጣ ጀርባችንን እንሰጠዋለን፤ አራት እግሩን መሬት ሲያሳርፍ እናመሰግነዋለን። እጅ ሲይዝ ጨዋታው ወዲያው ይቆማል፤ በእጃችን ፈንታ የሚያኝከው ወፍራም ገመድ ይሰጠዋል። አሮጌ ጫማ አንሰጠውም፤ ውሻ አሮጌውን ጫማ ከአዲሱ ለይቶ አያውቅምና። ስንጠራው መጥቶ መታሰር ቀረ፤ ሲመጣ ይበላል እንጂ። ልጆቻችንም ከፊቱ መሮጥ ትተው ቀጥ ብለው መቆምን ተማሩ። ማለዳ ማለዳ በአጭር ገመድ ይዘነው እስከ ዋናው መንገድ እንሄዳለን፤ ታክሲውን፣ በግ ነጂውን፣ ተማሪውን ያያል። በሁለት ወር የሚሠራውን ሥራ በስድስተኛው ወር መሥራት ሦስት እጥፍ ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። የማይቻል ግን አይደለም።

ቡችላ ለመውሰድ የምታስቡ አንባቢዎቻችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ እግሩን እዩ፤ እናቱንም እዩ፤ ከሁለት ወር በታች የሆነውን ከእናቱ አትለዩ። ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ የሚጀመር፣ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አራት ወር የሚደርስ የዲስተምፐርና የፓርቮ ክትባት አለው። የእብድ ውሻ መከላከያው በሦስት ወር ይሰጣል፤ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያም በሐኪሙ ቀጠሮ ይቀጥላል። እንዲወልድ የማትፈልጉት ከሆነ ማምከን ይቻላል፤ በየመንገዱ የሚንከራተቱት ብዙዎቹ ውሾች ትናንት በዘንቢል የገቡ፣ ሲያድጉ የተጣሉ ናቸውና። ውሻ ከዐሥር ዓመት በላይ ይኖራል። ለዐሥር ዓመት የሚሆን ፍቅር ያለው ሰው ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የሚሆን ትዕግሥት ቢያጣ ያሳዝናል።

ልጁ አሁንም «ቡና ደርሷል» ሊለን ይመጣል። በሩን ያንኳኳል፤ ከፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል። መከታም «ቁጭ» ሲባል ይቀመጣል፤ ትእዛዙን የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ ልጁ ራሱ ነው። በባቱ ላይ ያለው ጠባሳ ግን አልጠፋም፤ ባየነው ቍጥር ያን የጥቅምት ወር ያሳስበናል። በበራችን ላይ የነበረውን «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ አንሥተን «ውሻ አለ፤ እባክዎን ያንኳኩ» የሚል ሰቅለናል። ሐጂም ዙሪያውን መሄድ ትተው በበራችን በኩል ማለፍ ጀምረዋል፤ ለማንኛውም ብለው ግን ልብሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ።